ቤቱ የአንድ ዓመት፣ ኢንተርኔቱ የሁለት ዓመት

ጤና ይስጥልኝ የጋዜጣው አዘጋጆች። ጋዜጣችሁን እዚህ ለንደን ሆኜ በስልኬ የማነብ ሰው ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ፖለቲካ አይደለም፣ ስለ ቤት ኢንተርኔት ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። 281 ፓውንድ እስኪያስከፍለኝ ድረስ ለእኔም ትንሽ ነገር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቅምት 2023 (ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከጓደኛዬ ጋር ባለ ሁለት መኝታ ቤት ለአንድ ዓመት ተከራየን። ኢንተርኔት ስናስገባ በወር 29 ፓውንድ የሚለውን አየሁና ተስማማሁ። ተስማማሁ ስል ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም፣ ስልኬ ላይ አንድ ቦታ ተጫንኩ፣ አለቀ። ከዋጋው ስር በደቃቅ ጽሑፍ 24 ወር ይላል። አላየሁም ብዬ ልዋሽ? አይቼዋለሁ፣ ልብ አላልኩትም እንጂ። እኛ እኮ ካርድ እየሞላን ያደግን ሰዎች ነን። ያስገባኸው ሲያልቅ አለቀ፣ ማንም ቀሪ ዕዳ አለብህ ብሎ አይደውልልህም።

ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው አከራያችን ቤቱን እፈልገዋለሁ አለን። ሌላ ቤት ፈልገን አገኘን፣ ከድሮው በአውቶቡስ አስር ደቂቃ ቢሆን ነው። እኔም የዋህ፣ ራውተሩን ነቅዬ በፌስታል ይዤ እዚያ ብሰካው የሚሠራ መስሎኝ ነበር! ለኩባንያው ስደውል ጆሮዬ እስኪግል ሙዚቃ አሰሙኝና በመጨረሻ አንድ ትሁት ልጅ አነሳ። አዲሱን አድራሻ ነገርኩት። "ይቅርታ፣ እዚያ ሕንፃ ላይ መስመር የለንም" አለኝ። "እንግዲያው ልቀቁኝ" አልኩ። "እንለቅዎታለን፣ 281 ፓውንድ ይከፍላሉ።"

ልብ በሉ፣ ላቋርጥ ያልኩት እኔ ብሆንም አገልግሎቱን መስጠት ያልቻሉት እነሱ ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይኼ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። እዚህ ኦፍኮም የሚባል የስልክና የኢንተርኔት ኩባንያዎችን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት አለ። በደንቡ መሠረት የቤት ኢንተርኔት ውል ሲጀመር ከ24 ወር በላይ ሊያስርህ አይችልም። ከሰኔ 2022 ጀምሮ ደግሞ ኩባንያው ከመፈረምህ በፊት የውሉን ማጠቃለያ መላክ አለበት፣ ዋጋው፣ ዘመኑ፣ ብታቋርጥ የምትከፍለው ሁሉ እዚያ ላይ አለ። የእኔም ተልኮልኛል። ኢሜይሌ ውስጥ ከማስታወቂያ ጋር ተኝቶ አገኘሁት፣ ሳይከፈት። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገባ ውል ከሆነ በ14 ቀን ውስጥ ሐሳብህን መቀየር ትችላለህ። ኩባንያው ውሉ ላይ ያልነበረ ጭማሪ ካደረገብህ በ30 ቀን ውስጥ ያለ ቅጣት ትወጣለህ። ቤት መቀየር ግን ብቻውን ከውል ነጻ አያወጣህም። አንዳንድ ኩባንያዎች አዲሱ አድራሻ ላይ መስመር ከሌላቸው ይምራሉ፣ የእኔው አልማረም።

በዚህ መሀል ከወገን የሚመጣውን ምክር ብታዩ። ፀጉር ቤት ውስጥ ሳወራ አንዱ ምን አለኝ፣ "ባንክህ ግባና ክፍያውን ዝጋባቸው፣ ምን ያመጣሉ?" እባካችሁ ይህን እንዳታደርጉ። ክፍያው ይቋረጣል፣ ውሉ ግን እንዳለ ነው። ዕዳው ለዕዳ ሰብሳቢዎች ሊተላለፍ ይችላል፣ የክሬዲት ታሪካችሁ (ዕዳችሁን እንዴት እንደምትከፍሉ የሚያሳየው መዝገብ) ላይ ከሰፈረ ደግሞ ቀጣዩን ቤት ስትከራዩ ኤጀንቱ ያየዋል። ከ281 ፓውንድ የባሰ ነገር ነው የሚመጣው። በኩባንያው ውሳኔ ካልተስማማችሁ መጀመሪያ በጽሑፍ አቤት በሉ፣ ካልሆነ ያለ ክፍያ የሚዳኝ ገለልተኛ አካል አለ። እኔ አቤት ብዬ ነበር፣ መልሱ ያው "ውሉ ላይ አለ" ሆነ። ከፈልኩ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። እኛ የወጣንበት ቤት አንድ ኤርትራዊ ልጅ ገባ። መስመሩ ተዘርግቷል፣ ቴክኒሻኑ የመስኮቱን ጥግ ቀዶ ያስገባት ነጭ ገመድ እንኳ እንዳለች ናት። ልጁ "የአንተን ውል ልቀጥልበት፣ አንተም አትቀጣ፣ እኔም እድናለሁ" አለኝ። ደስ ብሎኝ ደወልኩ። አይቻልም ተባልኩ። ልጁ በስሙ አዲስ ውል መግባት አለበት፣ 24 ወር። ገባ። እንግዲህ አስቡት፣ በአንዲት ገመድ ላይ እሱ በየወሩ ይከፍላል፣ እኔ ደግሞ ለማልጠቀምበት ጊዜ ቅጣት ከፍያለሁ። ኩባንያው ደንበኛ ባጣ ስንት ይጎዳል ብለን ብናስብ እንኳ ደንበኛውን በሁለተኛው ሳምንት ተክቶታል። ደንቡ ቅጣቱ ከቀሪው ክፍያ እንዳይበልጥና ኩባንያው የሚተርፍለት ወጪ እንዲቀነስ ይላል፣ ለዚህ ነው የ12 ወሩ 348 ፓውንድ ወደ 281 የወረደው። በዚያው ቤት ሌላ ሰው ሲገባ ግን የእኔ ቅጣት አንድ ሳንቲም አልቀነሰም። እኔ መቅረት አለበት የምለው ይኼ ነው። መስመሩ ከተሸጠ የቀድሞው ተከራይ ይለቀቅ።

ሌላም ሰው አስባለሁ። የማውቃቸው አንዲት እናት ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) በጊዜያዊ ቤት እያዞራቸው ነው፣ የት እንደሚያድሩ የሚወስኑት እሳቸው አይደሉም። ኢንተርኔቱን ያስገባው ልጃቸው ነው፣ 13 ዓመቱ፣ ስልኩን እየተረጎመ። "ማሚ እሺ በያቸው፣ ርካሽ ነው" አላቸው። እሺ አሉ። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ ስለሚያገኙ ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጠውን ርካሽ ታሪፍ መውሰድ ይችሉ ነበር፣ ብዙዎቹ ኩባንያዎች በወር ከ12 እስከ 20 ፓውንድ ገደማ ነው የሚያስከፍሉት፣ አብዛኛው ደግሞ ለመውጣት አይቀጣም። ማን ነገራቸው? ማስታወቂያው ላይ እኮ የለም።

እኔ አሁን በየወሩ የሚታደስ ውል ነው የያዝኩት። በወር 6 ፓውንድ ይወደዳል። ጓደኛዬ ሞኝ ነህ ይለኛል፣ ይበለኝ።

በመስከረም 2025 ያ ኤርትራዊ ልጅ ደወለልኝ። አከራዩ ውሉን አላድስም ብሎታል፣ በኅዳር ይወጣል። "ስትወጣ ኢንተርኔትህ ስንት ወር ይቀረዋል?" አልኩት። ትንሽ ዝም አለና "12" አለኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከለንደን