ቺችማኒንስ ለምን ዘለላችኋት?

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ስሎቫኪያ ያወጣችሁትን የጉዞ ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ከዋና ከተማዋ ከብራቲስላቫ አልወጣችሁም እኮ! የቺችማኒን መንደር ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል።

መንደሯ ከዢሊና ከተማ በስተደቡብ፣ ራይቻንካ ወንዝ ከሚነሳበት አካባቢ፣ በተራሮች መካከል ናት። ስሟ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1272 ነው። ቤቶቹ ከግንድ የተሠሩ፣ ጥቁር ቡናማ ናቸው። በላያቸው ነጭ ጥለት ተስሏል፤ ልብ፣ መስቀል፣ ጥምዝ መስመር። ቤቱ ራሱ ጥልፍ ቀሚስ የለበሰ ነው የሚመስለው። አይገርምም፣ ሥዕሉ ከሴቶቹ ልብስ ጥልፍ ጋር ይመሳሰላል። ሲጀመር ግን ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ግንዱን በኖራ የሚቀቡት እንጨቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ብለው ነበር። ውበቱ ቀስ እያለ መጣ።

እ.ኤ.አ. በ1921 እሳት ብዙውን ቤት በላው። ደግነቱ፣ መልሰው ሲሠሩት የድሮውን መልክ አልተዉትም። ከእ.ኤ.አ. 1977 ጀምሮ መንደሯ በቅርስነት ትጠበቃለች። ባለ ሁለት ፎቁ የራደን ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014ቱ የሶቺ ኦሊምፒክ የስሎቫኪያን ቡድን ልብስ ያየ ሰው ያንን ነጭ ጥለት ሳያውቀው አይቶታል።

አንባቢያችሁ