«ቀሪ» የሚለው ቁጥር ገና ያልተከፈለ ደመወዛችን ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኮሌጅ በጀት ባለሙያ ነኝ። በዚህ ሥራ 14 ዓመት ሞልቶኛል። ስለ ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ግንባታና ግዢ ነው። እኔ ግን ስለ ደመወዝ ልጽፍላችሁ ፈልጌ ነው፤ በተለይ ገና ስላልተከፈለው ደመወዝ።

ጥር 2017 ላይ አንድ የትምህርት ክፍል ኃላፊ የግማሽ ዓመቱን የበጀት ሪፖርት አሳትመው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ለተማሪዎቻቸው የሚጨነቁ። የወጪ መደብ 6111፣ ማለትም የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ ትይዩ «ቀሪ» በሚለው ዓምድ ያለውን ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ከበውታል። 4,300,000 ብር ይላል።

«ይኸው ገንዘብ አለን እኮ! ላብራቶሪው ረዳት የለውም። ከዚህ ላይ 400,000 ብር ወደ ኮንትራት ቅጥር እናዙር» አሉኝ።

«ዶክተር፣ እዚህ ውስጥ የእርስዎም የሰኔ ደመወዝ አለበት» አልኳቸው።

ካልኩሌተር አውጥቼ አብረን ሠራነው። የክፍሉ ወርሃዊ ደመወዝ 684,000 ብር ነበር። ከጥር እስከ ሰኔ 6 ወር ነው። 4,104,000 ብር ይመጣል። የሚተርፈው 196,000 ብቻ። ከዚህ ላይ ደግሞ ረዳት ፕሮፌሰርነት የጸደቀላቸው ሦስት መምህራን አሉ። ውዝፋቸውና የቀሪዎቹ ወራት ልዩነት ተደምሮ 150,000 ብር ያህል ይወስዳል። በእውነት ነፃ የሆነው 46,000 ብር ነበር።

ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። «ሲስተሙ ግን ቀሪ ነው የሚለው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሲስተሙ እንደዚያ ነው የሚለው። ሪፖርቱ የሚያውቀው የጸደቀውን በጀትና እስከዚያ ቀን የወጣውን ነው። አንዱን ከሌላው ይቀንስና ቀሪ ይላል። ለዕቃ ግዢ ትዕዛዝ ሲሰጥ ግዴታ ተብሎ አስቀድሞ ይያዛል። የሰው ደመወዝ ግን ከዕቃ በላይ የታወቀ ግዴታ ሆኖ ሳለ፣ በእኛ ዘንድ ወሩ ደርሶ ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) እስኪሠራ ድረስ የትም አይታይም።

ገንዘቡ እንዳይዛወር ማስታወሻ ጽፌ ነበር። ዝውውሩ ግን ጸደቀ። ዘጠኝ ልጆች በኮንትራት ተቀጠሩ፣ ከየካቲት እስከ ሰኔ። ግንቦት ላይ ለሰኔ ደመወዝ 354,000 ብር እንደሚጎድል ታወቀ። ያን ጊዜ ሩጫ ተጀመረ። የተማሪዎች የመስክ ጉዞ ተሰረዘ። የዘጠኙም ልጆች ውል በግንቦት መጨረሻ ተቋረጠ። አንዷ ደብዳቤዋን ይዛ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። «እትዬ፣ እስከ ሰኔ ብለውኝ እኮ ነው ቤት የተከራየሁት» አለችኝ። ደብዳቤው ላይ የነበረው ቲተር የእኛው ነው። ምን ልበላት?

ይህ ስህተት የአንድ ሰው አይደለም። የሚጠበቀውን ደመወዝ አስልቶ ከቀሪው ጎን የሚያስቀምጥ ዓምድ ባለመኖሩ የመጣ ነው። ስሌቱም ቢሆን የአንድ ወር ደመወዝ በ12 ማባዛት ብቻ አይደለም።

የ2018ን በጀት ዓመት ውሰዱ። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ጭማሪ የጀመረው ከመስከረም 2018 ነው። የበጀት ዓመቱ ግን ከሐምሌ ይጀምራል። በመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ የተቀጠረ የአስተዳደር ሠራተኛ ሐምሌና ነሐሴን በ6,940 ብር ሠርቷል። ቀሪዎቹ 10 ወራት በ11,500 ብር ናቸው። የዓመቱ ደመወዝ 128,880 ብር ይሆናል። የሐምሌን ፔሮል ይዞ በ12 ያባዛ ሰው ግን 83,280 ይልና በአንድ ሠራተኛ 45,600 ብር ይሳሳታል። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ሃያ ቢኖር ስህተቱ 912,000 ብር ነው።

ሌላው የማያቸው ሰዎች ሁሉ የሚሳሳቱት የተጣራ ደመወዝ ላይ ነው። ያ ባለ 11,500 ብር ሠራተኛ በአዲሱ የግብር ምጣኔ 2,100 ብር ግብር ይከፍላል። 7 በመቶ ጡረታ 805 ብር ነው። ሌላ ተቀናሽ ከሌለበት እጁ የሚገባው 8,595 ብር ነው። ዩኒቨርሲቲውን የሚያስወጣው ግን ጥቅል ደመወዙ ነው፤ ላዩ ላይ 11 በመቶ የመንግሥት የጡረታ መዋጮ ሲጨመርበት 12,765 ብር። መዋጮው በመደብ 6131 ለብቻው ስለሚያዝ 6111ን ብቻ የሚያይ ኃላፊ አያገኘውም። አዲስ ሰው ልቅጠር ብሎ 8,595 ብር ይዞ የመጣ ኃላፊ በየወሩ 4,170 ብር ይጎድለዋል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተኝ ግን ውላቸው የሚያልቅ ሰዎች ናቸው። የአንዱ ውል ታኅሣሥ 30 ያበቃል እንበል። እድሳቱ አልቀረም፤ ደብዳቤው ፊርማ እየጠበቀ ነው። በስሌቱ ግን ከጥር ጀምሮ ዜሮ ይሆናል። የሚያነበው ሰው «ተረፈ» ይላል። ሰውየው እኮ ከፎቅ በታች ሥራ ላይ ነው! በተቃራኒው 60 ዓመት ሞልቷቸው ሚያዝያ ላይ ጡረታ የሚወጡ ሰው እስከ ሰኔ ድረስ ተቆጥረው ይገኛሉ።

እኔ ይህን ሁሉ የምይዘው ባለ ካሬ ደብተር ላይ ነው። በግራ ስም፣ ከላይ ከሐምሌ እስከ ሰኔ። የተከፈለውን በሰማያዊ፣ የሚጠበቀውን በእርሳስ እጽፋለሁ። ወሩ ሲከፈል እርሳሱን አጥፍቼ በሰማያዊ እተካለሁ። ዘንድሮ እኚያው ኃላፊ ሪፖርቱን ይዘው ሲመጡ ቀይ እስክሪብቶ አልያዙም። «እስቲ ደብተርሽን አምጪው፣ ነፃው ስንት ነው?» ነው ያሉኝ። ደስ አለኝ። ግን የአንድ ዩኒቨርሲቲ ደመወዝ በእኔ እርሳስ ላይ መንጠልጠል የለበትም። ነገ ብታመምስ?

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። የፋይናንስ ሲስተሙን የሚያስተዳድሩ ሰዎች «ቀሪ» ከሚለው ዓምድ አጠገብ «እስከ ሰኔ 30 የሚጠበቅ ደመወዝ» የሚል ዓምድ ይጨምሩልን። ቁጥሩ ከስም ዝርዝር ጋር ይምጣ፤ የማን ደመወዝ፣ እስከ የትኛው ወር፣ በየትኛው መጠን እንደተሰላ ይታይ። ግምት መሆኑም ላዩ ላይ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ብቻ «ነፃ» ይባል።

የሰው ሀብት ክፍሎችም አደራ። የእድገት፣ የትምህርት ፈቃድ፣ የዝውውር፣ የመልቀቂያ፣ የጡረታ ደብዳቤ ግልባጭ በተፈረመበት ቀን ለበጀት ክፍል ይድረስ። ለትምህርት የሄደ መምህር ደመወዙ እየተከፈለው እንደሆነ ወይም እንደተቋረጠ እኔ ከሻይ ክበብ ወሬ መስማት የለብኝም። ትናንት ከሰዓት አንድ የደረጃ እድገት ደብዳቤ ደረሰኝ። የተፈረመው ጥቅምት ላይ ነው። ይህን ደብዳቤ ጽፌላችሁ ስጨርስ የዚያን ሰው ረድፍ ከጥቅምት ጀምሮ አጥፍቼ እንደ አዲስ እሠራዋለሁ።

ስሜ እንዳይወጣ እጠይቃለሁ።

ከአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የበጀት ባለሙያ