ለልጄ፦ መኪናዋ ሥር ከመግባትህ በፊት

ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ 6 ቀን

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትህ? እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ጉልበቴም በዚህ ሰሞን ተሽሎታል። የምጽፍልህ ግን የጉልበቴን ወሬ ልነግርህ አይደለም። ትናንት ማታ አክስትህ ደውላ ነበር። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ልጆቿ ብዙ ካወራችኝ በኋላ ነው የሆዷን ያወጣችው። ሰኞ ገበያ ውላ ስትመለስ ልታይህ ጎራ ብላ፣ ከወገብህ በላይ መኪናዋ ሥር ገብተህ እግርህን ብቻ እንዳየች፣ መኪናዋም በአንድ ክሪክና በሁለት ድንጋይ እንደቆመች ነገረችኝ። ምን እየሠራህ ነው ብትልህ፣ «ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን ላወርድ ነው፤ ዛሬ የማየው ብቻ ነው» አልካት።

ልጄ፣ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይገባም። ለማየትም አይገባም። ሌላው ቃሌ ሁሉ ቢረሳህ ይህን አትርሳ።

አባትህ ወዲያው ስልክ አንስቶ ሊቆጣህ ነበር፤ ተው፣ እኔ እጽፍለታለሁ አልኩት። በስልክ «እሺ እማዬ» ብለህ ትዘጋዋለህ፤ ደብዳቤ ግን ተመልሶ ይነበባል።

ቶዮታ ሴሊካዋን ስትገዛ አልተቃወምኩህም። «ባለ ሁለት በር መኪና ምን ያደርግለታል? ሚስት አግብቶ ልጅ ሲወልድ የት ሊያስቀምጥ ነው?» ያሉትን ዘመዶች ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። በፈረንጅ 1970ዎቹ የተሠራች መኪና ከአንድ ሰው ጓሮ ዶሮ ከሰፈረባት አውጥተህ፣ ቆርቆሮዋን አስቀጥቅጠህ፣ ሞተሯን አስነስተህ እዚህ በራችን ድረስ ይዘሃት ስትመጣ በኩራት ነው የተቀበልኩህ። ዕድሜዬን በመለዋወጫ ግምጃ ቤት ያሳለፍኩ ሴት ስለሆንኩ ምን ያህል ሥራ እንደፈጀብህ ሌላው ባያውቅ እኔ አውቃለሁ።

ባለፈው ወር ከእኛ ተለይተህ ስትመለስ፣ የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትፈጥንም ብለህ ስትነግረኝ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ማለቁ ወዲያው ነው የገባኝ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል። ያለቀ የፍሪሲዮን ሸራ ሜዳ ላይ ራሱን ይደብቃል፣ ዳገት ላይ ይጋለጣል። በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ ዙሩን ይጨምራል፣ ጎማው አይከተለውም፣ ከዚያ የተቃጠለው ሽታ ወደ ውስጥ ይገባል። ሸራውን ለመለወጥ ደግሞ ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ ሌላ መንገድ የለውም። ራሴ እሠራዋለሁ ማለትህ አላስከፋኝም። የአጎትህ እጅ አለህ፣ ትችለዋለህ። እንቅልፍ የነሣኝ የምትሠራበት ቦታና ድንጋዩ ነው።

የተከራየኸውን ግቢ አይቼዋለሁ። ከበሩ እስከ ጓሮው ያዘቀዝቃል። ደሴ ላይ ከተራራው ሥር ለጥ ያለ ግቢ ማግኘት እንደማይቀል አውቃለሁ። በዚህ የነሐሴ ዝናብ ደግሞ አፈሩ ሰው ሲቆምበት እንኳ ይሰምጣል፤ ክሪክማ ቀስ እያለ ወደ ጎን ይጋደላል፣ አንተ ከሥር ሆነህ አታየውም።

አሁን ስለ አጎትህ ልንገርህ።

ልጅ ሳለህ ለምን እንደሚያነክስ ስትጠይቀው «ከበቅሎ ወድቄ ነው» ይልህ ነበር። ወንድሜ በሕይወቱ በቅሎ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። አንተና እህትህ መኪና እንዳትፈሩ ብሎ ነው የደበቃችሁ፤ እኔም አደራውን ጠብቄ ኖሬያለሁ። እሱ ካለፈ ወዲህ የሚጎዳው የለምና ልንገርህ።

ያኔ አሰብ ወደባችን ነበረች። በሚሌና በባቲ አድርገው የሚወጡት የጭነት መኪናዎች ኮምቦልቻ ሲደርሱ ያርፉ ስለነበር የምሠራበት ጋራዥ ቀንም ሌሊትም ሥራ አያጣም ነበር። አጎትህን ረዳት መካኒክ አድርገው ቀጠሩት። ፊያት ኤን 3 ሲመጣ ሁሉም ይጠነቀቃል፤ ግዝፈቱ ራሱ ያስፈራል። የዚያን ቀን የመጣው ግን ትንሽ ፒካፕ ነበር፣ ሥራውም ያው የአንተው ሥራ ነው፤ ካምቢዮ ማውረድና ሸራ መለወጥ። ትንሽ ስለሆነ ናቀው።

የብረት መቆሚያዎቹ በሙሉ ሌሎች መኪናዎች ሥር ገብተው ነበር። ግምጃ ቤቱ መስኮት ላይ መጥቶ ጠየቀኝ። እስከ ከሰዓት ታገሥ፣ ይመለሳሉ አልኩት። «ዘንጉን ብቻ ነው የምፈታው፤ አምስት ደቂቃ ነው» ብሎኝ ሄደ። የፊቱን በክሪክ አነሳው። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ላልቶ አይዝም ነበር፤ እሱም ያንን ስላወቀ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ተወው። ጎማው ሥር ማገጃ ታኮ አላደረገም። ማርሹ ይይዘዋል ብሎ ነዋ!

ማርሽ የቆመ መኪናን የሚይዘው ግን ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማዎች በሚሄደው ረጅም ዘንግ በኩል ነው። ሞተሩ ካምቢዮውን ይይዛል፣ ካምቢዮው ዘንጉን፣ ዘንጉ ጎማውን። አጎትህ ከሥር ተኝቶ የዘንጉን ብሎኖች አንድ በአንድ ሲያወጣ፣ መኪናውን ያሰረውን ገመድ በገዛ እጁ እየፈታ ነበር። የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ መኪናው ወደ ቁልቁለቱ ተንከባለለ፣ ክሪኩ ተገለበጠ። መጀመሪያ የሰማሁት የክሪኩን አወዳደቅ ነው፤ የእሱ ድምፅ የመጣው ቆይቶ ነው።

ዳሌው ላይ ነው ያረፈበት። ሰዎች ተረባርበው አነሱለት፤ በጭነት መኪና ጭነን ሐረጎን ስንወጣ ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር፤ መኪናው በታጠፈ ቁጥር እጄን ይጨብጠዋል። አንተ አሁን ካለህበት ዕድሜ ያንስ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜው መጨረሻ የሠራው ቁጭ ብሎ የሚሠራውን ብቻ ነው፤ ካርቡሬተር፣ የሞተር ማስነሻው ሞተሪኖ፣ የውሃ ፓምፕ። እጁን ታስታውሰዋለህ። ብሎን በጣት ሳታስጀምር በቁልፍ አትንካ ብሎ ያስተማረህ እሱ ነው። ኳስ ግን አላስተማረህም፤ ለምን እንደሆነ አሁን ገባህ።

ሴሊካዋም እንደዚያ ፒካፕ የምትነዳው በኋላ ጎማዎቿ ነው። ቶዮታ ሴሊካን ወደ ፊት ጎማ የለወጠው በፈረንጅ 1985 ነው፣ ያንተዋ ከዚያ የቀደመች ናት። የእጅ ፍሬኗም የሚይዘው የኋላዎቹን ጎማዎች ነው። እንግዲህ አስበው። የኋላዋን ካነሳህ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው አየር ላይ የተንጠለጠለ ጎማ ነው። ዘንጉን ከፈታህ ማርሹ ምንም አይዝም። አንተ ደግሞ ሁለቱንም ልታደርግ ነው። በዚያ ቁልቁለት ግቢ! በሁለት ድንጋይ!

ስለዚህ የምልህን ስማ። መኪናዋን አስጎትተህ አክስትህ ግቢ ውሰዳት። ሲሚንቶ ነው፣ ለጥ ያለ ነው፣ ከአክስትህም ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። ከማንሳትህ በፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ አስይዝ። ክሪክ ለማንሻ ነው፤ አንስተህ ክብደቱን አራት የብረት መቆሚያ ላይ አሳርፈው፣ መቆሚያውም በጠንካራው የሻሲ ብረት ሥር ይሁን። ብሎኬት እንዳታስጠጋ፤ ክብደት አንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። የተፈታውን ጎማ ከሥሯ አስተኛው። ከዚያ ከመግባትህ በፊት በሁለት እጅህ ገፋ ገፋ አድርገህ ነቅንቃት። የምትወድቅ ከሆነ አንተ ውጭ እያለህ ትውደቅ። ብቻህንም አትሥራ።

ሥራውን ማወቅህን አውቃለሁ፤ ቢሆንም የእናት አፍ አይዘጋም። የባትሪውን ነጌቲቭ መጀመሪያ ፍታ፤ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ሽቦ መኪናዋ ብትጠፋም ኤሌክትሪክ አለው። የማርሽ መለወጫውን እጀታ ከውስጥ በኩል አውጣው። ዘይቱን ከማፍሰስህ በፊት የመሙያውን ብሎን ፍታ፤ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ መሙያው አልፈታም ቢልህ በምን ልትሞላው ነው? ዘንጉ ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ በሚስማር ጭረህ ምልክት አድርግበት፤ እንደነበረው ካልተመለሰ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ከካምቢዮው ጭራ ሲወጣ የቀረ ዘይት ይወርዳልና ላስቲክ እሰርበት፤ የአክስትህን ሲሚንቶ እንዳታበላሽ። የታችኛውን የፍሪሲዮን ፖምፓ ቱቦውን ሳትፈታ ወደ ጎን እሰረው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ፔዳሉን እንዳይረግጥ፣ ፒስተኑ ተፈንጥሮ ይወጣል። የአክስትህን ትንሹን ልጅ ከመሪው አርቀው፤ ያ ልጅ የማይነካው ነገር የለም።

ካምቢዮውን ከሞተሩ የሚያያይዙት ላይኞቹ ብሎኖች ናቸው ሰው የሚያስለቅሱት። ከላይ አይታዩም፣ ከታች እጅ አይደርስባቸውም። ሞተሩን ከሥር በክሪክና በእንጨት ደግፈህ የካምቢዮውን ተሸካሚ ብረት ስትፈታ ጭራው ዝቅ ይላል፤ ያኔ በረጅም ማራዘሚያና በቡሶላ ከኋላ በኩል ትደርስባቸዋለህ። ዝቅ ስታደርገው ማራገቢያው ራዲያተሩን እንዳይነካ፣ ሞተሩም ከኋላው ካለው ቆርቆሮ ጋር እንዳይጋጭ ጓደኛህ ከላይ ሆኖ ይመልከት። የብሎኖቹ ርዝመት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ካርቶን በሳስተህ እንደ አቀማመጣቸው ሰካቸው።

ካምቢዮው ከ30 ኪሎ የማያንስ ብረት ነው፤ በደረት አይወርድም። ሁለት ሆናችሁ ክሪክ ላይ በቀበቶ አስራችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። ግማሹ ወጥቶ እንደተንጠለጠለ ትታችሁት ሻይ ልትጠጡ አትሂዱ፤ ክብደቱ በሙሉ በቀጭኑ ዘንግ በኩል ሸራው መሃል ላይ አርፎ ያጣምመዋል። የፍሪሲዮኑን አቧራ በአየር አትንፋው። የዚያ ዘመን ሸራ አስቤስቶስ ይኖርበታል፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፣ ጨርቁንም ላስቲክ ውስጥ ቋጥረህ ጣለው። እዚያ ከደረስክ አይቀር የሞተሩን የኋላ ዘይት መያዣ ጎማና የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ ለውጥ። ለጥቂት ብር ብለህ ብታልፈው ነገ ለእሱ ሲባል ይህ ሁሉ እንደገና ይፈታል።

ስትመልሰው ደግሞ፣ የካምቢዮው አፍ በእጅ ግፊት ከሞተሩ ጋር ካልገጠመ ሸራው መሃል ለመሃል አልተቀመጠም ማለት ነው። አውጥተህ አስተካክለው። ብሎኑን እያጠበቅኩ አስገባዋለሁ እንዳትል፤ አሉሚኒየሙ ይሰነጠቃል። ግምጃ ቤቴ ጥግ እንደዚያ የተሰነጠቁ ካምቢዮዎች ተደርድረው ነበር፤ ሁሉንም የሰበራቸው መቸኮል ነው። ዘይቱ 90 ቁጥር፣ ጂ ኤል 4 የተጻፈበት ይሁን። ሻጩ ጂ ኤል 5 ይሻላል ቢልህ እሺ አትበለው፤ በውስጡ ያለው ድኝ ያለበት ቅመም የናስ ቀለበቶቹን ሊበላ ይችላል።

እጄ ደከመኝ። ብዙ ቀን ቢፈጅብህ አብሽር፣ የሚያባርርህ የለም። ወደ ሥራህ በሚኒባስ ሂድ። ሲሚንቶው ላይ ወፍራም ካርቶን አንጥፍ፣ የደሴ ብርድ ወገብ ይይዛል። ሲመሽ በስልክ መብራት አልጨርስም በል፣ ተውና ግባ። ሊጨልም ሲል «ይህችን ብሎን ብቻ» የምትል ልብ አለችህ፣ ከእናትህ ወገን የወረስካት ናት። እኔም እሷን ነው የምፈራው። ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ ለአንድ ብሎንም ቢሆን፣ የወደቀ ቡሶላ ለማንሳትም ቢሆን፣ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግባ።

ሐሙስ ጠዋት የጎረቤታችን ልጅ ወደ ደሴ ይወጣል። አራት የብረት መቆሚያና አራት የእንጨት ታኮ በማዳበሪያ ከረጢት አስይዤዋለሁ፤ መነኻሪያ ወርደህ ተቀበለው፣ ከባድ ስለሆነ ብቻውን አታሸክመው። መቆሚያዎቹ የአባትህ ወዳጅ ንብረት ናቸው፤ ስትጨርስ አጽድተህ መልስልኝ። በትንሿ ፌስታል ያለው በሶ የአንተ ነው፣ በትልቋ ያለው በርበሬ ደግሞ የአክስትህ ነው። መኪናዋን መቆሚያዎቹ ላይ ስታሳርፋት ከአራቱም በኩል ፎቶ አንስተህ በእህትህ ስልክ ላክልኝ። አይቼ እስክደውልልህ ድረስ አንድም ብሎን እንዳትነካ።

እናትህ