ከጨረር በኋላ ካሜራ ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ናዞፋሪንክስ፣ ማለትም ከአፍንጫ ጀርባ ከላንቃ በላይ ያለው የጉሮሮ ክፍል፣ ካንሰር ሲይዘው ዋናው ሕክምና ጨረር ነው። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ብዙዎች በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ታይተው «ንጹሕ ነው» ሲባሉ ጉዳዩ ያበቃ ይመስላቸዋል። ካሜራው የሚያየው ግን የላዩን ሽፋን ብቻ ነው። ያገረሸ ዕጢ ከሽፋኑ ሥር፣ በራስ ቅል ወለል አጥንት ውስጥ ወይም ነርቭን ተከትሎ ሊያድግ ይችላል፤ ላዩ ለስላሳና ጤነኛ ሆኖ ይታያል። ያንን የሚያሳየው ኤምአርአይ፣ ማለትም በማግኔት የሚነሳ የሰውነት ውስጥ ምስል፣ ነው። በሽፋኑ ላይ ያለች ትንሽ ቁስል ደግሞ ኤምአርአይን ልታመልጥ ስለምትችል ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

መቸኮልም ያሳስታል። በጨረር የተመታ የካንሰር ሴል ወዲያው አይሞትም፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በተወሰደ ናሙና ቢገኝም በኋላ ያለ ተጨማሪ ሕክምና ሊጠፋ ይችላል። ፔት ስካንም፣ ማለትም በደም ሥር የተሰጠ ጨረር አመንጪ ስኳር የት እንደተሰበሰበ የሚያሳየው ምርመራ፣ ቀድሞ ከተነሳ ጨረሩ ያስቆጣው ሥጋ ስኳሩን ስለሚስብ ዕጢ መስሎ ያበራል። ቢያንስ 12 ሳምንት መጠበቅ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሦስት ወር ገደማ ላይ የሚነሳው ኤምአርአይ ለወደፊቱ ሁሉ መነሻ ነው። የቆየ ጠባሳ ቲ2 በሚባለው ምስል ላይ ጠቆር ይላል፣ በደም ሥር የሚሰጠውንም ማቅለሚያ እምብዛም አይስብም። ዕጢ መካከለኛ ብርሃን ያሳያል፣ ማቅለሚያውንም ይስባል። ችግሩ ትኩስ ጠባሳም እንዲሁ ማድረጉ ነው። የሚለያቸው ጊዜ ነው፦ ጠባሳ ባለበት ይቆያል ወይም ይሰበሰባል፣ ዕጢ ይሰፋል። የድሮውን ምስል ሳይዙ ለምርመራ መሄድ ሐኪሙን ለግምት መዳረግ ነው።

ጨረር የገደለው የራስ ቅል አጥንትም ዕጢን ይመስላል፤ መጥፎ ጠረን፣ ራስ ምታትና መድማት ያመጣል። ዋናው የአንገት ደም ቅዳ በአጠገቡ ስለሚያልፍ ናሙና ከመወሰዱ በፊት ምስሉ መታየት አለበት።

ከዚህ ካንሰር ጋር የተያያዘውን የኤፕስታይን ባር ቫይረስን ዲኤንኤ በደም መለካት ወደ ሌላ አካል የተሠራጨውን ለማግኘት ጥሩ ነው። በቦታው ላይ ያገረሸ ትንሽ ዕጢን ግን ሊስት ስለሚችል «ደሜ ንጹሕ ነው» ብሎ ምስሉን መተው አያዋጣም።

ካንሰሩ በብዛት የሚያገረሸው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣም አለ። ክትትሉ በመጀመሪያው ዓመት በየ1–3 ወሩ፣ በሁለተኛው በየ2–6 ወሩ፣ እስከ አምስተኛው በየ4–8 ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ ይሁን። ደም የቀላቀለ አክታ፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የፊት መደንዘዝ ወይም አዲስ የአንገት እብጠት ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም። የጆሮ መደፈን ከጨረሩም ስለሚመጣ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

ለባልደረቦች አንድ ነገር፦ በምርመራ ማዘዣው ላይ ጨረሩ ያለቀበትን ቀንና የተሰጠውን መጠን ጻፉ። ይህን የማያውቅ ምስል አንባቢ ሐኪም የሞተውን አጥንት «ዕጢ ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

አንድ የጨረር ሕክምና ባለሙያ