በየግቢያችን የሚታየው ጉርጥ መጤ አይደለም

ሰላም ለሁላችሁም፣ ውድ የከዚራ ሰፈር ጎረቤቶቼ፤

ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ማታ ማታ በየበሩ መብራት ሥር ጉርጥ ይታያል። “መርዛማው መጤ ጉርጥ ሰፈራችን ገብቷል” ተብሎ ሰሞኑን የተላለፈው ፎቶ ደግሞ ብዙዎቻችሁን አስደንግጧል። እባካችሁ በመጥረጊያና በድንጋይ መግደሉ ይቁም።

ፎቶው ላይ ያለው ጉርጥ የትውልድ አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው። አውስትራሊያ በ1935 እ.ኤ.አ. የሸንኮራ አገዳ ጥንዚዛ ይበላልናል ብላ አስገባችው። ጥንዚዛውን ሳያጠፋ ራሱ ተባዝቶ አገር ወረረ። እሱን የሚበሉት እባቦች ሳይቀሩ በመርዙ ያልቃሉ። እዚህ ድሬዳዋ ላይ የምናየው ግን ያገራችን ጉርጥ ነው።

ከእንቁራሪት መለየት ለሚፈልግ፣ ባትሪ አብርቶ ጠጋ ብሎ ማየት ይበቃል። የጉርጥ ቆዳ ደረቅና ጉብጉብ ያለ ነው። እግሩ አጭር ስለሆነ በትንሽ በትንሹ ነው የሚዘለው። ከዓይኑ ኋላ ግራና ቀኝ ያበጠ እጢ አለው፤ መርዙ በብዛት ያለው እዚያ ነው። እንቁራሪት ግን ልስልስና እርጥብ ናት፤ በረጅም እግሯ ተስፈንጥራ ትጠፋለች። እንቁላላቸውም ይለያል፦ የጉርጥ እንደ ረጅም ክር ነው፣ የብዙ እንቁራሪቶች ግን ተጠቅልሎ የተከመረ።

ጉርጥ መንካት የቆዳ ኪንታሮት ያስይዛል የሚባለው ሐሰት ነው። የቆዳ ኪንታሮት የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ቢሆንም ልጆች ከነኩት ዓይናቸውን ሳያሹ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ውሻችሁ ጉርጥ ከነከሰ የውሻውን አፍ ወደ ታች አድርጋችሁ በውሃ እጠቡለት፤ ከተንቀጠቀጠ ቶሎ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

ቤት ከገባባችሁ በአካፋ አንስታችሁ ወደ አትክልቱ መልሱት። በረሮና ምስጥ ይበላላችኋል።