ከሳጥኑ ወዲህ ያለው ሽቦ የማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በመደበኛ ስልክ መስመር የሚገባ የቤት ኢንተርኔት ተቆራረጠ፣ ተንቀረፈፈ በተባለ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደ ውጭ ነው፤ ወደ ምሰሶው፣ ወደ አገልግሎት ሰጪው ድርጅት። ጥፋቱ እዚያ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሆኖም መስመሩ ቤት ከሚገባበት ሳጥን እስከ ሞደሙ ያለው ጥቂት ሜትር ሽቦ ሳይታይ የሚቀርብ አቤቱታ ግማሽ አቤቱታ ነው። ፍተሻው የረቀቀ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አንድ ጠመንጃ መፍቻና የሞደሙ አጭር ገመድ ይበቃሉ።

አሠራሩን ለማያውቁ በአጭሩ፦ በስልክ ሽቦ ላይ የሰው ድምፅ የሚይዘው ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ያለውን ቦታ ብቻ ነው። በዚህ ሽቦ ኢንተርኔት የሚያመጣው ኤዲኤስኤል ከ25 ኪሎኸርዝ ገደማ ተነስቶ እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ፣ ፈጣኑ ዓይነቱ ኤዲኤስኤል2+ ደግሞ እስከ 2.2 ሜጋኸርዝ ይሄዳል። ስለዚህ በዚያው ጥንድ የመዳብ ሽቦ እያወሩ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል። የስልክ ቀፎው ግን ለዚህ ከፍተኛ ሞገድ ታስቦ የተሠራ ዕቃ አይደለም። በመካከል ፊልተር፣ ማለትም ከፍተኛውን ሞገድ ከስልኩ የሚያግድ ትንሽ ማጣሪያ፣ ከሌለ የሞደሙን ምልክት ያዳክማል፤ ሲጠራና ሲነሳም ረብሻ ይለቅበታል። «ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይጠፋል» የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊልተሩን ነው። ፊልተሩ ደህና ከሆነ ቀጥሎ የሚጠረጠረው የላላ ወይም የዛገ መገጣጠሚያ ነው።

የስልኩንና የኢንተርኔቱን ምልክት የሚለየው ስፕሊተር ሦስት ቀዳዳ አለው። «ላይን» የተባለው ከግድግዳ የሚመጣውን፣ «ሞደም» ወይም «ዲኤስኤል» የተባለው ሞደሙን፣ «ፎን» የተባለው ስልኩን ይቀበላል። ሞደሙ በስህተት «ፎን» ላይ ከተሰካ የዲኤስኤል መብራቱ ሲብለጨለጭ ይኖራል እንጂ አይረጋም። በየክፍሉ ስልክ ያለበት ቤት ሁለት ምርጫ አለው፦ ወይ ለእያንዳንዱ ስልክ፣ ለፋክሱም ሆነ በስልክ መስመር ለሚሠራ የማንቂያ ደወል አንዳንድ ፊልተር መስካት፣ ወይ መግቢያው ላይ አንድ ስፕሊተር አስቀምጦ የክፍሎቹን ሽቦ ሁሉ ከ«ፎን» ቀዳዳ ማስነሳት። ሁለተኛው ይሻላል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ። ሁለቱን መደራረብ ግን አያስፈልግም፤ ከስፕሊተር ኋላ የተጨመረ ፊልተር የስልኩን ድምፅ ከማበላሸት በቀር ፋይዳ የለውም።

ወደ ፍተሻው ልግባ። መግቢያው ሳጥን ላይ ወደ ክፍሎች የሚሄዱትን ሽቦዎች በሙሉ ፈትቶ ሞደሙን ብቻውን እዚያው ማገናኘት ነው። ስልኩ ባልተነሳበት ሰዓት ሽቦው ላይ 48 ቮልት ገደማ አለ፤ በሚጠራበት ጊዜ ደግሞ እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ስለሚመጣ የተላጠውን ጫፍ በባዶ እጅ መንካት አይገባም። መብረቅ ባለበት ሰዓትም ሥራው ለሌላ ቀን ይቆይ። ሞደሙ መስመሩን ይዞ መብራቱ ሲረጋ የሞደሙን ገጽ በኮምፒዩተር ብራውዘር ከፍቶ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ላይ ነው፣ ሁለት ቁጥር መመዝገብ ያስፈልጋል።

አንደኛው «አቴንዌሽን» ነው፤ ምልክቱ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደደከመ በዴሲቤል ይነግረናል። ይህ በሽቦው ርዝመትና ውፍረት የሚወሰን ስለሆነ ቤት ውስጥ የሚሻሻል ነገር እምብዛም የለውም። ከ30 በታች ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ55 በላይ ከሆነ መስመሩ የሚነሳበት የስልክ ጣቢያ ሩቅ ነውና ከፍተኛ ፍጥነት መጠበቅ ከንቱ ነው። የኤዲኤስኤል2+ 24 ሜጋቢት ከጣቢያው በአንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ላለ ሰው የሚደርስ እንጂ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ላለ ቤት አይደለም። ሁለተኛው ቁጥር «ኤስኤንአር ማርጂን» የሚባለው፣ ምልክቱ ከረብሻው በላይ ያለው ትርፍ ነው። ከ6 ዴሲቤል ሲወርድ መስመሩ መቆራረጥ ይጀምራል፤ ከ10 በላይ ሲሆን ይረጋጋል። ቁጥሩ ቀንና ማታ ስለሚለያይ አንድ ጊዜ አይቶ መፍረድ አይበቃም።

ከዚያ ሽቦዎቹን መልሶ፣ ሞደሙን ወደ ተለመደው ክፍል ወስዶ እንደገና ማንበብ ነው። ሞደሙ የያዘው ፍጥነት በሁለቱም ቦታ ተመሳሳይ ሆኖ ማርጂኑ መግቢያው ላይ 11፣ ክፍሉ ውስጥ 5 ከሆነ ጥፋቱ የቤቱ ነው፤ ድርጅቱን አያገባውም። ሁለቱም ቦታ ዝቅተኛ ከሆነ ግን አሁን ይደወል፤ ቁጥሩ በእጅ አለ።

ቤት ውስጥ ማርጂን የሚበላው አንደኛው ነገር መጨረሻው ላይ ምንም ያልተሰካበት፣ ተረስቶ የቀረ የኤክስቴንሽን ሽቦ ነው። ምልክቱ እስከ ጫፉ ሄዶ ተመልሶ ይመጣና ከዋናው ጋር ይጋጫል። 50 ሜትር ያህል የሆነ ክፍት ሽቦ በ1 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለውን ምልክት ይሰርዛል፤ ይህም መረጃ ወደ ቤት የሚወርድበት መስኮት ነው። ስልኩ ላይ ምንም ስለማይሰማ ማንም አይጠረጥረውም። ስፕሊተሩ መግቢያው ላይ ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው፤ ከኋላው ያለው ሽቦ ሁሉ ለሞደሙ የለም ማለት ነው። ከስፕሊተሩ እስከ ሞደሙ ደግሞ ጠፍጣፋውን የስልክ ገመድ ማርዘም አይበጅም። ሽቦዎቹ ጎን ለጎን የተኙ እንጂ የተጠማዘዙ ስላልሆኑ ከመብራት መስመርና ከቻርጀር ረብሻ ይሰበስባሉ። ርቀት ካስፈለገ የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ካሉት ጥንዶች አንዱን መጠቀም፤ ሁለቱ ሽቦዎች ከአንድ ጥንድ መሆናቸውን ግን ማረጋገጥ።

መገጣጠሚያውም መታየት አለበት። በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ከጊዜ በኋላ ይዝጋል፤ ስልኩ ሲንኮሻኮሽ ምልክቱ እሱ ነው። ከሁለቱ ሽቦ አንዱ ተበጥሶ ስልኩ ድምፅ አልባ ሲሆን እንኳ ሞደሙ በደካማ ፍጥነት ሊሠራ ይችላል፤ «ኢንተርኔት አለ፣ ስልክ የለም» የሚባለው እንቆቅልሽ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የዲኤስኤል መብራቱ ረግቶ የኢንተርኔቱ ቀይ ከሆነ ሽቦ መነካካት አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ የተጠቃሚው ስም፣ የይለፍ ቃሉ ወይም ሞደሙ ላይ የሚሞሉት፣ ቪፒአይና ቪሲአይ የሚባሉት ሁለት የመስመር መለያ ቁጥሮች ተሳስተው ነው። አንዳንድ ገጽ ብቻ አልከፍት ካለ ኤምቲዩውን፣ ማለትም የአንድ የመረጃ ጥቅል ትልቁን መጠን፣ 1492 ባይት ላይ ማድረግ ነው፤ በስምና በይለፍ ቃል የሚያስገባው ፒፒፒኦኢ የተባለ ሥርዓት ከተለመደው 1500 ባይት 8ቱን ለራሱ ይወስዳል። ፍጥነትም በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ ይለካ፤ 8 ሜጋቢት ሲባል በሴኮንድ ከ900 ኪሎባይት በታች ማውረድ እንጂ 8 ሜጋባይት አይደለም።

ለአገልግሎት ሰጪዎች ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። መስመሩን የሚያስገባው ባለሙያ ሥራውን ሲጨርስ መግቢያው ላይ የለካውን አቴንዌሽን፣ ማርጂንና ፍጥነት፣ እንዲሁም ቪፒአይና ቪሲአዩን በወረቀት ጽፎ ፈርሞ ለደንበኛው ይስጥ። ከስድስት ወር በኋላ ብልሽት ሲመጣ ሁለቱም ወገን የሚያነጻጽረው ቁጥር ይኖረዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ