ለወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦ የደረቀ ናሙና ማስረጃ አይሆንም

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ጉዳይ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነግሬዎታለሁ። በጽሑፍም አስገብቻለሁ፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶታል። «እናየዋለን» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በመጣሁ ቁጥር ወይ ስብሰባ ላይ ነዎት፣ ወይ መስክ ወጥተዋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ ልጽፍ ተገደድኩ።

ጉዳዩ የአክስቴ የስንዴ ማሳ ነው። አክስቴ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። መሬቷ ጥቁር አፈር ነው። ከዓመት ዓመት ስንዴ በስንዴ ላይ ትዘራለች፤ ይህንንም ያመጣችው እሷ አይደለችም። መሬቷ ኩታ ገጠም ውስጥ ስለገባ ከጎረቤቶቿ ጋር የተባለችውን ነው የዘራችው።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ስንዴው ቦታ ቦታ እየለየ ቀጨጨ። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ አይቶ «ዩሪያ አንሶታል» አላት። ተበድራ ጨመረች። ምንም ለውጥ የለም። እኔም ከቀጨጨው ቦታ አንድ እግር ስንዴ ከነአፈሩ ቆፍሬ አወጣሁና ሥሩን በውሃ አጠብኩት። አጭር ነው፤ ወደ ታች አልወረደም። እንደተቋጠረ ክር እርስ በርሱ ተተብትቧል። ጥቂት እርምጃ ርቄ ከጤነኛው ቦታ የነቀልኩት ግን ረጅምና ነጭ ሥር ነበረው። እንዲህ ያለ ሥር ሲታይ ከሚጠረጠሩት አንዱ ኔማቶድ የሚባለው ሥር የሚያጠቃ ትንሽ ትል ነው። ኔማቶድ ነው ብዬ አልማልም። የጠየቅኩት እንዲመረመር ብቻ ነው።

አፈሩንና ሥሩን በላስቲክ አድርጌ፣ እርጥብ እንደሆነ፣ በዚያው ቀን ለቢሮዎ አስረከብኩ። ፀሐይ እንዳይነካው፣ ቶሎም እንዲላክ ለተቀበለኝ ባለሙያ ነገርኩት። ሌላ ጊዜ ስመጣ ላስቲኩ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። አፉ ተከፍቷል። የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ያርፍበታል። አፈሩ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ሥሩን ስነካው እጄ ላይ ተፈረካከሰ። ከጎኑ የሌሎች ገበሬዎች ናሙናዎችም ነበሩ። በአንዱ ላይ የተጻፈው ስም ደብዝዞ አይነበብም።

በኋላ ወደ ላብራቶሪ የተላከው ያ አፈር ነው። «ኔማቶድ አልተገኘም» የሚል ውጤት መጣ። ቢሮዎም ይህን ወረቀት ይዞ አክስቴን «ፓኬጁን በአግባቡ ያልተገበረች» አላት። ግንቦት ላይ ምርጥ ዘር ሲከፋፈል ስሟ ከዝርዝሩ ወጥቶ ነበር።

ክቡር ኃላፊ፣ እርስዎ የተማሩት ግብርና ነው። ይህ ውጤት ምንም እንደማያረጋግጥ ያውቃሉ። ገበሬዎቹ ግን አልተነገራቸውምና ለእነሱ ልናገር።

ኔማቶድ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን የማይታይ ትል ነው። ላብራቶሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት ዘዴ አፈሩን በወንፊትና በስስ ወረቀት ላይ አድርጎ ከበታቹ ውሃ ማስቀመጥ ነው። ትሎቹ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እየተሳቡ ወደ ውሃው ይወርዳሉ፤ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ። እንግዲህ በዚህ ዘዴ የሚቆጠረው በሕይወት ያለና የሚንቀሳቀስ ትል ብቻ ነው። መስኮት ላይ በፀሐይ የተጋገረ ትል አይሳብም። ገና ሳይፈለፈል በእንቁላልነት የተኛም አይሳብም።

የእህል ሲስት ኔማቶድ የሚባለውን እንውሰድ። ሴቲቱ ስትሞት ሰውነቷ ይጠነክርና በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች የያዘ ቡናማ ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱ ደረቁን ወራት አፈር ውስጥ ያልፋል። እንቁላሉ መቼ እንደሚፈለፈል የሚወስኑት የአፈሩ ሙቀትና እርጥበት ናቸው። በደቡብ ፈረንሳይ ያለው በሞቃቱና በደረቁ ወራት ይተኛል፤ አፈሩ ሲረጥብና ሲቀዘቅዝ ይፈለፈላል። በሰሜን ፈረንሳይ ያለው ደግሞ መጀመሪያ የብርዱን ወራት ማሳለፍ አለበት፤ የሚፈለፈለው አፈሩ መሞቅ ሲጀምር ነው። በአንድ አገር ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት ትል እንኳ የሚነቃበት ጊዜ ይህን ያህል ይለያያል። በዚያ ላይ ሁሉም እንቁላል በአንድ ዓመት አይፈለፈልም። የተወሰነው ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል። ከረጢት ለመፈለግ ደግሞ ዘዴው ሌላ ነው፤ አፈሩን ውሃ ውስጥ አንሳፍፎ በወንፊት ማጥለል ያስፈልጋል። ለአክስቴ በተሰጠው ወረቀት ላይ የሰፈረው ዘዴ የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ትል ደርቆ ተኝቶ እንደሚቆይ ዛሬ የተሰማ ወሬም አይደለም። በ1743 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኒድሃም የተባለ እንግሊዛዊ በበሽታ የጠቆረ የስንዴ ፍሬ ከፍቶ ጠብታ ውሃ ጨመረበት። ደረቅ ጭረት ይመስል የነበረው ነገር መንቀሳቀስ ጀመረ። እነዚያ የስንዴ ፍሬ ትሎች ለአሥርት ዓመታት ደርቀው ከቆዩ በኋላም ውሃ ሲያገኙ ይነቃሉ። ሥር የሚያቆስሉት ኔማቶዶችም አፈሩ ቀስ እያለ ሲደርቅ አብረው ደርቀው በጋውን ማለፍ ይችላሉ። በድንገት በፀሐይ ሲጋገሩ ግን ያልቃሉ። ማሳው ላይ ያለው ትል ዝናብ ሲመጣ ይነሳል፤ ቢሮዎ መስኮት ላይ የነበረው ግን ላብራቶሪ ሳይደርስ አልቋል። ለዚህ ነው «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት የማይሆነው።

ይህን ያህል የምጨቃጨቀው በወረቀቱ ላይ በተመሠረተው ምክር ምክንያት ጭምር ነው። ለአክስቴ «በሚቀጥለው ሽምብራ ዝሪ» ተብላለች። ችግሩ የሲስት ኔማቶድ ከሆነ ምክሩ ጥሩ ነው። ይህ ትል የሚበላው የሣር ዘር የሆኑትን ሰብሎች ነው። እንቁላሉ ለመፈለፈል የስንዴ ሥር እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ሙቀቱና እርጥበቱ ከተስማማው ሽምብራ በተዘራበት ማሳም ይፈለፈልና የሚበላው አጥቶ ያልቃል። ሥር የሚያቆስለው ፕራቲሌንከስ ቶርኔይ የሚባለው ኔማቶድ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እሱ ሽምብራ ላይም ይራባል። ለእሱ የተሻለው ተልባ ነው። በአውስትራሊያ ገበሬዎች ከመዝራታቸው በፊት አፈራቸውን በዲኤንኤ የሚያስመረምሩበት አገልግሎት ያላቸው ለዚህ ነው። የትኛው ትል እንዳለ ሳይታወቅ ሽምብራ ዝሪ ማለት በሴትዮዋ እንጀራ መቆመር ነው።

አክስቴ በዚህ ዓመት ከቤቷ ባስቀረችው ዘር ዘራች። የዩሪያው ዕዳ አልተከፈለም። የቀጨጨው ቦታ ዘንድሮም ተመልሷል፤ ከአምናው ሰፍቷል። ሌሎች ገበሬዎችም ተመሳሳይ ነገር እያዩ ነው፤ እሷ ላይ የደረሰውን አይተው ግን ናሙና ማምጣት ፈርተዋል። የሚያስቆጣኝ ይሄ ነው። ሴትዮዋ ችግሯን ደብቃ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምርጥ ዘር ታገኝ ነበር።

አሁን መስከረም ነው። ስንዴው ማሳ ላይ ነው፤ አፈሩም እርጥብ ነው። ናሙና ከሥሩ ዙሪያ የሚወሰደው አሁን ነው። ስንዴው ሲያብብ ደግሞ ሥሩ ታጥቦ ቢታይ፣ ሲስት ኔማቶድ ካለ፣ ነጫጭ ሴቶቹን ሰው በዓይኑ ሊያያቸው ይችላል። የሰብል ጥበቃ ባለሙያዎ ማሳው ድረስ ይምጣ። ናሙናው በጥላና በቅዝቃዜ ይያዝ፤ ሳይደርቅ ይላክ፤ በሁለቱም ዘዴ ይመርመር። ያለፈው ውጤት ዋጋ እንደሌለው በጽሑፍ ይገለጽ፤ የአክስቴም ስም የሚቀጥለው የዘር ክፍፍል ሳይደርስ ወደ ዝርዝሩ ይመለስ። መስኮቱ ላይ ናሙናቸው የደረቀባቸው ሌሎቹ ገበሬዎችም ተጠርተው ይነገራቸው።

መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። የፊተኛው ማመልከቻዬ መዝገብ ቤትዎ አለ።